አንበሳው ከሄደ በኋላ ድሩ ለምን ይቀራል? የጋራ ጠላታቸው ከጠፋ በኋላ ስለሚቆዩ ወታደራዊ ጥምረቶች

የማታ አንባቢ (ክሩን የከፈተው)፦

እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1991 የስድስት አገሮች ተወካዮች ፕራግ ላይ ተሰብስበው በሶቪየት ኅብረት የሚመራውን የምሥራቅ አውሮፓ ወታደራዊ ጥምረት፣ የዋርሶ ቃል ኪዳንን፣ የሚያፈርሰውን ሰነድ ፈረሙ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አስተናጋጁ የቼኮዝሎቫኪያው ፕሬዚዳንት ቫስላቭ ሃቬል ነበሩ። ከሞስኮ የመጡት የሶቪየቱ መሪ ጎርባቾቭ ሳይሆኑ ምክትላቸው ጌናዲ ያናዬቭ ሲሆኑ፣ እኚሁ ሰው ሰባት ሳምንት ቆይተው በገዛ አለቃቸው ላይ የተሞከረውን መፈንቅለ መንግሥት ወክለው በቴሌቪዥን ታዩ። ምሥራቅ ጀርመን ደግሞ ቀደም ብላ ከጥምረቱ ወጥታ፣ ወዲያውም ራሷ እንደ አገር ከካርታ ላይ ስለተፋቀች፣ ለፊርማው እንኳ አልደረሰችም። ዓመቱ ሳያልቅ ሶቪየት ኅብረትም ፈረሰች።

በሌላው ወገን ግን የመፍረሻ ስብሰባ የጠራ አልነበረም። በ1949 በ12 አገሮች የተመሠረተው የምዕራቡ ጥምረት ኔቶ ያን ዓመት በ16 አባላት ተሻገረ፤ ዛሬ 32 አሉት። ጥምረት የሥጋት ልጅ ነው የሚለውን ትምህርት ሁላችንም ሰምተናል፤ ታሪክም ብዙ ጊዜ ይመሰክርለታል። በ1912 ኦቶማኖችን ለመውጋት የተባበሩት ሰርቢያ፣ ቡልጋሪያ፣ ግሪክና ሞንቴኔግሮ፣ የለንደኑ የሰላም ውል በተፈረመ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ በድሉ ክፍፍል ተጣልተው እርስ በርስ ተዋግተዋል። ሂትለርን በጋራ ያሸነፉት ኃያላንም ብዙ ሳይቆዩ በጠላትነት ዓይን መተያየት ጀምረዋል። በዚህ ስሌት መሠረት ነበር ኬኔት ዋልትዝ የተባሉት የፖለቲካ ሊቅ በ1993 የኔቶ ቀናት ባይቆጠሩም ዓመታቱ ግን የተቆጠሩ ናቸው ያሉት። ከተነበዩት በኋላ ሠላሳ ዓመት አልፏል።

“ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” የሚለው ተረታችን አንበሳው ከሄደ በኋላ ድሩ ምን እንደሚሆን አይነግረንም። እኔ የምጠይቀው እሱን ነው። ኔቶ መልካም ነው ወይስ ክፉ የሚለውን ሙግት ለሌላ ክር ብትተዉልኝ ደስ ይለኛል፤ ጥያቄዬ አንድ ጥምረት የተወለደበት ምክንያት ከጠፋ በኋላ በምን እንደሚኖር ነው።

ባለማኅደር፦

መልሱን ከመሪዎች ንግግር ሳይሆን ከመሬት በታች ልጀምረው። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ለኔቶ የጦር አውሮፕላኖች ነዳጅ እንዲያደርስ የተዘረጋው የማዕከላዊ አውሮፓ የቧንቧ መስመር በቤልጂየም፣ በፈረንሳይ፣ በጀርመን፣ በሉክሰምበርግና በኔዘርላንድስ ምድር ውስጥ ለውስጥ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። የተቀበረው የሶቪየት ታንኮች ወደ ምዕራብ ቢንቀሳቀሱ በሚል ግምት ነበር። ታንኮቹ አልመጡም፤ ቧንቧው ግን እዚያው አለ፣ ለሲቪል አውሮፕላን ማረፊያዎችም ነዳጅ ያቀርባል። ከብራስልስ ተነሥቶ ለእረፍት የሚበር መንገደኛ ለሌላ ጦርነት በተቀበረ ቧንቧ ከመጣ ነዳጅ ተጠቃሚ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ጥምረትን መገንባት እጅግ ውድ፣ ማቆየት ግን በአንጻሩ ርካሽ ነው። የጥይቱ ልክ፣ የሬዲዮው ሞገድ፣ የካርታው ምልክት፣ የነዳጅ ማስገቢያው አፍ፣ ትእዛዝ የሚተላለፍበት ቋንቋ፣ እነዚህ ሁሉ አንድ እንዲሆኑ አርባ ዓመት ሙሉ ኮሚቴ በኮሚቴ ላይ ተቀምጦ ተከራክሯል። ያ ወጪ ወጥቶ ካለቀ በኋላ፣ ነገ ምን እንደሚመጣ በእርግጠኝነት የማያውቅ መንግሥት ዛሬ ቢያፈርሰው፣ ከነገ ወዲያ ቢያስፈልገው ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ “ይቆይ” የሚለው ውሳኔ ውይይት እንኳ ሳያስፈልገው ያሸንፋል።

አንድ ምሳሌ ጠጋ ብለን እንይ። ጥምረቱ ጌይለንኪርሸን በተባለች የጀርመን ከተማ የሚያኖራቸው፣ ጀርባቸው ላይ ትልቅ የሚሽከረከር ሳህን የተሸከሙ የራዳር አውሮፕላኖች አሉ። ባለቤታቸው አንድ አገር ሳይሆን ጥምረቱ ስለሆነ፣ የተመዘገቡት የራሷ የአየር ኃይል በሌላት በሉክሰምበርግ ስም ነው። የተገዙት ከምሥራቅ ዝቅ ብለው የሚመጡ የሶቪየት አውሮፕላኖችን ከሩቅ ለማየት ነበር። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ ግን ሰባቱ አትላንቲክን ተሻግረው፣ ከ13 አገሮች የተውጣጡ 830 ሠራተኞቻቸውን ይዘው፣ እስከ ሜይ 2002 ድረስ ከ360 ጊዜ በላይ እየበረሩ የአሜሪካን ሰማይ ጠበቁ። በ1949 የተጻፈው የጋራ መከላከያ አንቀጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ የዋለው አውሮፓ አሜሪካን ለመርዳት ይሆናል ብሎ ያሰበ ፈራሚ የነበረ አይመስለኝም። አውሮፕላኖቹ ባይኖሩ ኖሮ ያ ውሳኔ የሐዘን መግለጫ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር።

ጠርጣራው፦

ባለማኅደር ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የዋርሶ ቃል ኪዳንም ይህ ሁሉ ነበረው። የጋራ አዛዥነት ነበረው፤ ዋና አዛዡ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሶቪየታዊ ነበር። የጦር መሣሪያው ተመሳሳይነት እንዲያውም ከምዕራቡ ይበልጥ ነበር፤ ታንኩ፣ ሚሳይሉና አውሮፕላኑ በአብዛኛው ከአንድ ምንጭ የመጣ ነበርና። “የወጣ ወጪ ያቆያል” የሚለው ሕግ ቢሠራ ኖሮ ያ ጥምረት ቢያንስ ጥቂት ዓመታት መንገታገት ነበረበት። አልሆነም። ያ ጥምረት በጋራ ካካሄዳቸው ዘመቻዎች ትልቁ በ1968 በራሱ አባል በቼኮዝሎቫኪያ ላይ የተደረገው ነው፤ ሮማኒያ አልዘምትም አለች፣ አልባኒያ ያንኑ ዓመት በይፋ ወጣች። ከ1989 በኋላ የተመረጡት የዋርሶ፣ የፕራግና የቡዳፔስት መንግሥታት በቅድሚያ የጠየቁት የሶቪየት ጦር እንዲወጣላቸው ነበር። በማርች 1999 እነዚሁ ሦስት መዲናዎች፣ መጋዘናቸው ገና በሶቪየት መሣሪያ እንደተሞላ፣ ወደ ኔቶ ገቡ። የጥይት ልክ ያቆየው የለም፤ የጥይት ልክ የከለከለውም የለም።

ሌላም አለ። በ1954 ኮሙኒዝምን ለመግታት ማኒላ ላይ የተፈረመው የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጥምረት ሲአቶ ባንኮክ ውስጥ ዋና ጽሕፈት ቤት ነበረው፤ በ1977 ተዘጋ። ከባግዳድ ስምምነት የተወለደው የመካከለኛው ምሥራቅ ጥምረት ሴንቶ፣ ኢራቅ በ1959 ጥላው ከወጣች በኋላ ጽሕፈት ቤቱን አንካራ አድርጎ ቆይቶ ነበር፤ በ1979 የኢራን አብዮት ተከትሎ ከሰመ። በሁለቱም ዓመታት ሶቪየት ኅብረት በሙሉ ኃይሏ ነበረች። እንግዲህ ሥጋቱ ሳይጠፋ የሞቱ ጥምረቶች አሉ፤ ሥጋቱ ጠፍቶ የቆየም አለ። ይህን ካየን፣ ጠያቂው “የሥጋት ልጅ” ያሉት ትምህርት ራሱ ከሥሩ መመርመር ያለበት ይመስለኛል።

ውል ፈታሽ፦

እኔ የሕግ ሰው ስለሆንኩ ወረቀቱን ማንበብ ይቀናኛል፤ አንዳንዱ መልስ ደግሞ ወረቀቱ ላይ አለ።

ኔቶ የተመሠረተበትን የሰሜን አትላንቲክ ውል ከመግቢያው እስከ መጨረሻው አንቀጽ 14 ድረስ ብታነቡት “ሶቪየት ኅብረት” የሚል ቃል አታገኙም። የሚለው፣ በአውሮፓ ወይም በሰሜን አሜሪካ በአንዱ አባል ላይ የሚሰነዘር የጦር መሣሪያ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተሰነዘረ ይቆጠራል ነው። ጥቃቱ ከማን ይመጣል የሚለውን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ግን አልጻፉትም። በዚያው ሰሞን ከተጻፉ ውሎች ጋር ስታስተያዩት ልዩነቱ ይታያል። ብሪታኒያና ፈረንሳይ በ1947 ደንከርክ ላይ የተፈራረሙት ውል ጀርመንን በስም ይጠራል። በ1948 ብራስልስ ላይ የተፈረመው የአምስት አገሮች ውልም እንዲሁ ጀርመን ዳግመኛ ወረራ ብትጀምር ይላል። ስድስት ዓመት ቆይቶ ምዕራብ ጀርመን ራሷ የዚሁ ውል አባል እንድትሆን ስለተፈለገ ያ ሐረግ መፋቅ ነበረበት። በፌብሩዋሪ 1950 ሞስኮና ቤጂንግ ለሠላሳ ዓመት የተፈራረሙት ውል ደግሞ ጃፓንንና ከጃፓን ጋር የሚተባበረውን ሁሉ ጠላት ያደርጋል። ይህ ውል ገና ሕጋዊ ዕድሜው ሳያልቅ፣ በማርች 1969 የሁለቱ ፈራሚዎች ወታደሮች ኡሱሪ ወንዝ ላይ ባለች አንዲት ደሴት የተነሣ ተታኩሰው ተገዳድለዋል። በወረቀት ላይ የተጻፈው ጠላት ጃፓን ነበረች።

ከሁሉ የሚገርመኝ የአውስትራሊያ፣ የኒው ዚላንድና የአሜሪካ ውል የሆነው አንዙስ ነው። በ1951 አውስትራሊያና ኒው ዚላንድ ከአሜሪካ ዋስትና የፈለጉበት አንዱ ዋና ምክንያት ጃፓን እንደገና ታንሠራራለች የሚል ፍርሃት ነበር። ውሉ ግን ጃፓንን በስም አልጠራም። ጃፓን የአካባቢው ወዳጅ በሆነችበት ዘመን ከውሉ አንድ መስመር መሰረዝ አላስፈለገም፤ በሴፕቴምበር 2001 አውስትራሊያ ይህንኑ ውል ጠቅሳ ከአሜሪካ ጎን ቆመች። ሲአቶ ላይ ደግሞ አሜሪካ ከፊርማዋ ጋር “ወረራ ማለት ለእኔ የኮሙኒስት ወረራ ብቻ ነው” የሚል ማሳሰቢያ አያይዛ ነበር። ዓይኗ ህንድ ላይ የነበረው ፓኪስታን ከዚህ ጥምረት ብዙ እንደማታገኝ የተረዳችው በዚህ ነው፤ በኋላም ጥላው ወጣች።

ጥቂቶች የሚያውቁትን ነገር ልጨምር። በ1977 የተዘጋው የሲአቶ ድርጅት ነው እንጂ የማኒላው ውል አልተሻረም። አሜሪካና ታይላንድ ዛሬም የጋራ መከላከያ ግዴታቸውን ሲጠቅሱ ወደዚያው ወረቀት ይመለሳሉ። ድርጅትና ውል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ፣ “ጥምረቱ ሞተ” ስንል የትኛውን ቀበርን ብለን መጠየቅ አለብን።

አዲስ ገቢ፦

ይቅርታ፣ ምናልባት የዋህ ጥያቄ ይሆናል። መውጣት የሚፈልግ አባል በሕግ መውጣት ይችላል? የሚችል ከሆነስ እስካሁን ከኔቶ የወጣ አለ?

ውል ፈታሽ፦

ጥያቄዎ የዋህ አይደለም። አንቀጽ 13 ውሉ 20 ዓመት ከሞላው በኋላ ማንኛውም አባል አስቀድሞ ካስታወቀ በኋላ በዓመቱ መውጣት ይችላል ይላል። በሩ ከ1969 ጀምሮ ክፍት ነው፤ እስካሁን ግን አንድም አገር አልወጣበትም። ማስታወቂያው የሚገባው ለአሜሪካ መንግሥት ነው፤ ስለዚህ አሜሪካ ራሷ መውጣት ብትፈልግ ደብዳቤውን ለራሷ ትጽፋለች። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2023 መጨረሻ ባወጣው ሕግ ፕሬዚዳንቱ ያለ ሴኔቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ወይም ያለ ምክር ቤቱ ሕግ ይህን እንዳያደርግ ከልክሏል። ፈረንሳይ በ1966 ከጋራ አዛዥነቱ ስትወጣ፣ ዋና ጽሕፈት ቤቶቹም ወደ ቤልጂየም ሲዛወሩ፣ ፕሬዚዳንቷ ደ ጎል ከውሉ ራሱ አልወጡም፤ አገራቸውም በ2009 ወደ ጋራ አዛዥነቱ ተመለሰች።

ቀለም ቀንድ፦

እስካሁን የተባለው ሁሉ ጥምረትን ወደ ውጭ ብቻ የሚመለከት ጋሻ አድርጎ ያየዋል። እኔ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሬ ላየው እወዳለሁ፤ ምክንያቱም የብዙ ጥምረቶች ከባዱ ሥራ አባላቱን እርስ በርስ እንዳይፈራሩ ማድረግ ነው።

የኔቶ የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ሎርድ ኢስሜይ እንደተናገሩት የሚነገርላቸው አባባል አለ፤ የድርጅቱ ዓላማ ሶቪየቶችን ከውጭ፣ አሜሪካኖችን ከውስጥ፣ ጀርመኖችን ከታች ማቆየት ነው የሚል። ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን ሦስት ሥራ እንደቆጠሩ ልብ በሉ። በ1991 ከሦስቱ ያለቀው አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱ ቀርተዋል፤ እንዲያውም ሦስተኛው ያን ጊዜ ይበልጥ አንገብጋቢ ሆኗል። የበርሊን ግንብ በፈረሰ ሰሞን የጀርመን መዋሐድ ከሞስኮ ይልቅ ለንደንን ያስጨነቀበት ጊዜ ነበር፤ የብሪታኒያዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ሥጋታቸውን አልሸሸጉም፣ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ሚተራንም እንዲሁ። መፍትሔው ምን ሆነ? በሴፕቴምበር 12 ቀን 1990 ሞስኮ ላይ በተፈረመው ውል የተዋሐደችው ጀርመን ሠራዊቷን ከ370,000 እንዳታሳልፍ፣ የኑክሌር መሣሪያ እንዳይኖራት ተስማማች፤ በኔቶ ውስጥም ቀረች። ከጥምረቱ ውጭ የቆመች፣ በራሷ ጦር ብቻ የምትተማመን ትልቅ ጀርመን ፖላንድንም ፈረንሳይንም በየፊናቸው እንዲታጠቁ ባስገደደች ነበር። ጎርባቾቭም ይህን ማየታቸው ለመስማማታቸው አንዱ ምክንያት ይመስለኛል።

ይህ ዓይነቱ ሥራ “ጠላት ጠፋ” ሲባል አያልቅም፤ ጠላቱ ጎረቤት ነውና። ግሪክና ቱርክ በ1952 አብረው ገቡ። በ1974 በቆጵሮስ የተነሣ ሊዋጉ ደረሱ፤ ግሪክ ከጋራ አዛዥነቱ ወጥታ እስከ 1980 ቆየች። በ1996 መጀመሪያ ላይ ሰው በማይኖርባቸው ሁለት የኤጂያን ባሕር ቋጥኞች ምክንያት የጦር መርከቦቻቸው ተፋጥጠው አደሩ። የጥምረቱ መኖር ጸቡን አልፈታውም፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ያን ሌሊት ስልክ የሚደውል፣ ሁለቱም ወገን የሚያነሣለት ሦስተኛ ሰው ነበር።

የኮሪያንም እንጨምር። በ1953 የደቡብ ኮሪያው ፕሬዚዳንት ሲንግማን ሪ የተኩስ አቁሙን ስምምነት አልፈርምም ብለው፣ ሰሜኑን ብቻዬን እወጋለሁ እያሉ ዋሽንግተንን ሲያስጨንቁ፣ የጋራ መከላከያው ውል የቀረበላቸው እንዲጠበቁ ብቻ ሳይሆን እንዲታገሡም ጭምር ነበር። ለአንድ ወዳጅ የሚሰጥ ዋስትና ለዚያው ወዳጅ ልጓምም ነው። እንዲህ ያለ ጥምረት ጠላቱ በደከመ ቁጥር ልጓሙ አላስፈላጊ አይሆንም፤ እንዲያውም ፈረሱ ያን ጊዜ ነው መጋለብ የሚያምረው።

ጠርጣራው፦

ቀለም ቀንድ በሚገባ ጽፈዋል፤ ልጓሙን የያዘው ማን እንደሆነ ግን አልነገሩንም። ወደ ኋላ ራቅ ብዬ ልመልሳችሁ።

በ478 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አቴንስ የኤጂያን ደሴቶችንና የባሕር ዳር ከተሞችን አስተባብራ ፋርስን ለመዋጋት አንድ ጥምረት መሠረተች። አባላቱ መርከብ ወይም ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ግምጃ ቤቱ በዴሎስ ደሴት ነበር። ፋርሶች ተደጋግመው ተሸነፉ፤ ከኤጂያንም ራቁ። ናክሶስ “እንግዲህ በቃኝ” አለች፤ ተከብባ በግድ ተመለሰች። በ465 ታሶስ ዐመፀች፤ በሦስተኛው ዓመት እጅ ሰጠች፣ ግንቧ ፈረሰ፣ መርከቦቿን ተነጠቀች። በ454 ግምጃ ቤቱ ራሱ ወደ አቴንስ ተዛወረ። ከዚያ በኋላ ከእያንዳንዱ ከተማ መዋጮ ስልሳ እጅ አንዱ ለአቴና አምላክ ይቆረጥ ነበር፤ የተቆረጠው ሒሳብ ከተማ በከተማ በእብነ በረድ ላይ ተቀርጾ ስለነበር ስብርባሪው እስከ ዛሬ ይነበባል። ከተማዎቹ ለማን ብለው እንደከፈሉ ድንጋዩ አይናገርም፤ ስንት እንደከፈሉ ግን በደንብ ያሳያል።

ጥምረት ከሥጋቱ በኋላ የሚቆየው የበላዩ ኃያል እንዲቆይ ስለፈለገ ነው የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው። ጠያቂው የጠቀሷቸው ዋልትዝም ትንቢታቸው ሳይሠራ ሲቀር ከሰባት ዓመት በኋላ የሰጡት ማብራሪያ ይኸው ነበር፤ ኔቶ የቆየው አሜሪካ በአውሮፓ የውጭና የመከላከያ ፖሊሲ ላይ ያላትን እጅ ለማቆየት ስለተመቻት ነው አሉ።

ውል ፈታሽ፦

በአቴንስ ላይ አልከራከርም። ወደ ዘመናችን ሲያመጡት ግን አንድ ነገር ይጎድላል። በሴፕቴምበር 1991 የፊሊፒንስ ሴኔት የአሜሪካ የጦር ሰፈሮችን ዕድሜ የሚያራዝመውን ውል 12 ለ 11 በሆነ ድምፅ ጣለው። በቀጣዩ ዓመት ኖቬምበር የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሱቢክን ለቅቆ ወጣ። የታሶስ ዓይነት ከበባ አልመጣም። ደግሞም ፊሊፒንስ ሰፈሩን ብታስወጣም የ1951 የጋራ መከላከያ ውልን አልሰረዘችም፤ ቻይና በ1995 በደቡብ ቻይና ባሕር ሚስቺፍ ሪፍ በተባለው ስፍራ ግንባታ መጀመሯ ከታወቀ በኋላ፣ በ1998 የአሜሪካ ወታደሮች በእንግድነት የሚመጡበት ስምምነት ተፈረመ። ኒው ዚላንድም በ1985 የኑክሌር መሣሪያ ስለመያዙ ማረጋገጫ ያልሰጠውን የአሜሪካ መርከብ ወደቤ አይገባም አለች። የተከተለው ቅጣት ተቃራኒው ነበር፤ በ1986 አሜሪካ ለኒው ዚላንድ ያለባትን ግዴታ አገደች። አቴንስ መውጣትን ትከለክል ነበር፤ እዚህ ግን ቅጣቱ መባረር ሆነ። ደካማው መቆየት የማይፈልግ ከሆነ እንዲህ ያለ ቅጣት ትርጉም አይኖረውም።

ባለማኅደር፦

ጠርጣራው የዋርሶን ምሳሌ ሲያነሡ የተሸነፍኩ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው የምቀበለው ግማሹን ነው። መሣሪያና ጽሕፈት ቤት ፈቃድን አይፈጥሩም። ፈቃዱ ካለ ግን ለአዲስ ሥራ ያበቃሉ፤ ሥራ ደግሞ መፈለግ ነበረበት። በ1993 የአሜሪካው ሴናተር ሪቻርድ ሉጋር ኔቶ ከአባል አገሮቹ አካባቢ ካልወጣ ከሥራ ይወጣል የሚል ትርጉም ያለው ነገር ተናግረው ነበር። ኔቶ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ሁሉ በውጊያ አንድ ጥይት አልተኮሰም፤ የመጀመሪያ ውጊያው በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1994 በቦስኒያ ሰማይ ላይ የበረራ እገዳ የጣሱ አራት የቦስኒያ ሰርቦች አውሮፕላኖችን የጣለበት ነው። የተዘጋጀለት ጠላት ከጠፋ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። በ1995 መጨረሻ 60,000 ያህል ወታደር ይዞ ቦስኒያ ገባ፤ በ1999 በኮሶቮ ምክንያት ዩጎዝላቪያን 78 ቀን ደበደበ፤ በ2003 በአፍጋኒስታን የነበረውን ዓለም አቀፍ ኃይል አዛዥነት ተረከበ። የመጨረሻው በምን እንዳለቀ ሁላችንም አይተናል። ሥራ መፈለግ ሥራውን ማወቅ ማለት አይደለም።

ጠርጣራው፦

እንግዲህ መነሣት ያለበት ነገር ይነሣ። ጥምረቱ ለመቆየት ሲል መስፋቱ አዲሱን ሥጋት ራሱ ወልዶት ቢሆንስ? ይህን ያሉት የሞስኮ ቃል አቀባዮች ብቻ አይደሉም። ሶቪየትን ገድቦ የመያዝን ፖሊሲ የነደፉት ጆርጅ ኬናን በ1997 መስፋፋቱን ከቀዝቃዛው ጦርነት በኋላ የተሠራ ትልቁ የአሜሪካ ስሕተት ይሆናል ብለው አስጠንቅቀው ነበር።

ቀለም ቀንድ፦

ኬናን በቀላሉ የሚታለፉ ሰው አይደሉም። ግን በሩን ያንኳኳው ማን ነበር? እነ ፖላንድ ገና የሶቪየት ጦር ከምድራቸው ሳይወጣ ወደ ምዕራብ መመልከት ጀምረዋል፤ ፍርሃታቸውም ከኔቶ መስፋፋት ሳይሆን ከራሳቸው ታሪክ የመጣ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የፊንላንድና የስዊድን ጉዳይ ነው። እነዚህ ሁለት አገሮች ሶቪየት ኅብረት ገናና በነበረችበት ዘመን ሁሉ ከጥምረቱ ውጭ ቆዩ። የተወለደበት ሥጋት ከጠፋ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ሩሲያ በ2022 ዩክሬንን በሙሉ ኃይሏ ስትወር ማመልከቻ አስገቡ፤ ፊንላንድ በ2023፣ ስዊድን በ2024 አባል ሆኑ። ሁለቱም ለመግባት ሲወስኑ የሚገቡበት ቤት ተሠርቶ አልቆ ነበር፤ የባለማኅደር ቧንቧ እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል።

ደግሞ ማንም ያልጠቀሰው አንድ ሞት አለ። ውል ፈታሽ ያነሡት የ1948ቱ የብራስልስ ውል የምዕራብ አውሮፓ ኅብረት የተባለውን ድርጅት ወልዶ ነበር፤ እሱም በ2011 ተዘጋ። የዘጋው የጠላት መጥፋት አይደለም፤ ጀርመን ጠላት መሆኗ ከቀረ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎ ነበር። የተዘጋው የአውሮፓ ኅብረት በሊዝበን ውል የጋራ መከላከያ አንቀጽ ስላስገባ፣ ማለትም ሥራውን ሌላ ስለወሰደበት ነው። ኔቶን በዚህ መንገድ የሚተካው በ1991 አልነበረም፤ ዛሬም አላየሁም።

የማታ አንባቢ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጥያቄዬን ስጽፍ “ሥጋቱ ጠፋ” የሚለውን እንደተረጋገጠ ነገር ይዤው ነበር፤ ጠርጣራው በሲአቶና በሴንቶ፣ ቀለም ቀንድ በጀርመን ጉዳይ ያን ከእጄ ነጥቀውኛል። የጠፋው ከሥጋቶቹ አንዱ ነበር፤ እሱም ስሙ ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

አንድ ነገር ብቻ አሁንም አልተዋጠልኝም። ጽሕፈት ቤት፣ ቧንቧ፣ አዛዥ፣ መዋጮ የሌለው፣ ልጓም የያዘም የሌለበት ጥምረት በምን ይቆያል? እንግሊዝና ፖርቱጋል በ1373 ውል ተፈራረሙ፤ በ1386 በዊንድዘር አጸኑት። ያን ጊዜ ያሳሰባቸው የካስቲል መንግሥት ነበር። ከ1580 እስከ 1640 ፖርቱጋል በስፔን ነገሥታት ሥር ስትውል ውሉ ተኛ፤ ከዚያ በኋላም ረጅም ዘመን ያስታወሱት ሲጠቅማቸው ብቻ ነበር። በኦክቶበር 12 ቀን 1943 ግን ቸርችል በፓርላማ ተነሥተው፣ በ1373 በተፈረመው ውል መሠረት ገለልተኛዋ ፖርቱጋል በአዞረስ ደሴቶች ላይ የጦር ሰፈር እንደፈቀደችላቸው አስታወቁ። ውሉ ያን ዕለት 570 ዓመቱ ነበር፤ የካስቲል መንግሥት በራሱ ስም መኖሩ ካበቃ ብዙ ትውልድ አልፏል፤ የብሪታኒያ አውሮፕላኖች ግን በዚያው ወር የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦችን ለማደን ከአዞረስ መነሣት ጀመሩ።